ለቺንቺላ ኬጅ ስትመርጡ መጀመሪያ ወለሉን እዩ

ልጆቻችሁ ቺንቺላ የሚባለውን ከአይጥ ወገን የሆነ ጸጉራም እንስሳ ካልገዛችሁልን ብለው ወጥረው ይዘዋችኋል? እሺ ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኬጁን፣ ማለትም የሚኖርበትን የሽቦ ቤት፣ አስቀድሙ፤ እንስሳው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ሱቅ ገብቶ ያንን ጥቅጥቅ ያለ ጸጉርና ትልልቅ ጆሮ ሲያይ አንጀቱ ይንሰፈሰፋል፣ ከዚያ ከጎን ከተደረደሩት ውስጥ ዋጋው የተሻለውን ኬጅ አንስቶ ይወጣል። ያ ኬጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለጥንቸል ወይም ለሃምስተር ነው።

የቺንቺላ አገሩ የአንዲስ ተራራ ነው፤ ብርዳም፣ ደረቅና ድንጋያማ ቦታ። እ.ኤ.አ. በ1923 ማቲያስ ቻፕማን የሚባል አሜሪካዊ አንድ ደርዘን የሚሆኑትን ከቺሊ ወደ ካሊፎርኒያ ወስዶ ማርባት ጀመረ። ለጸጉራቸው ነበር የፈለጋቸው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት በሰው እጅ ኖረዋል፣ ሰውነታቸው ግን ዛሬም የተራራ ሰውነት ነው። ይዘላሉ። ያገኙትን ይቆረጥማሉ። ሙቀት አይችሉም። ስለ ኬጅ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ከነዚህ ከሦስቱ አይወጣም።

ሱቅ ውስጥ ኬጅ ስታዩ ዓይናችሁ በቀጥታ ወደ ወለሉ ይሂድ። ወለሉ ሽቦ ከሆነ እለፉት። የቺንቺላ የኋላ እግር አጥንት ረጅምና ቀጭን ነው፣ ዙሪያውን የሚሸፍነው ሥጋም ትንሽ ነው። እንስሳው ሲዘል እግሩ በሽቦው መሃል ይገባል፣ ደንግጦ ወደ ፊት ይፈናጠራል፣ አጥንቱ እዚያው ቀጭ ይላል። ባይሰበር እንኳ ሌት ተቀን ሽቦ ላይ የሚቆም እግር ውስጡ ይላላጣል፣ ቆይቶም ይቆስልና ያመረቅዛል። ስለዚህ ወለሉ ድፍን ይሁን። ከደረጃ ደረጃ መውጫ ተብለው የሚገጠሙትን ዘንበል ያሉ የሽቦ መሰላሎችም ነቅላችሁ ጣሉልኝ። ለቺንቺላ መሰላል አያስፈልገውም፤ ዘሎ ይወጣል። ድፍኑ ወለል ላይ ፍሊስ የሚባለውን ለስላሳ ጨርቅ ማንጠፍ ወይም ሰጋቱራ መበተን ትችላላችሁ፤ ሰጋቱራው ግን የሴዳር እንጨት እንዳይሆን፣ ሽታው ሳንባቸውን ይጎዳል። አስፐን ከሚባለው ዛፍ የሚሠራው ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ክፍተቱ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ማንም አይስቅባችሁም። በሽቦዎቹ መሃል ያለው ርቀት ለትልቅ ቺንቺላ ከ2.5 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ። እኔ ግን 1.25 የሆነውን ነው የምመክራችሁ። ለምን ብትሉ፣ ከሱቅ የተገዛች ሴት ቺንቺላ ማንም ሳያውቅ እርጉዝ ልትሆን ትችላለች፤ እርግዝናቸው ወደ 111 ቀን የሚጠጋ ስለሆነ እቤት ከገባች ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ግልገል ታገኛላችሁ፣ ግልገሉ ደግሞ ሰፊውን ክፍተት ሾልኮ ይወጣል። አሜሪካ ላላችሁት፣ ክሪተር ኔሽን የሚባለው ኬጅ ብዙ ሰው የሚመርጠው አንዱ ምክንያት ክፍተቱ ጠባቡ፣ ማለትም ግማሽ ኢንች (1.25 ሴንቲሜትር ገደማ) መሆኑ ነው፤ በሮቹም ግድግዳውን በሙሉ ስለሚከፍቱ ለጽዳት ይመቻል። አብረውት የሚመጡት ትሪዎች ግን ፕላስቲክ ናቸው። እሱ ደግሞ ወደ ጥርሱ ጉዳይ ያመጣናል።

ጥርሳቸው ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ ስለዚህ ሳይቆረጥሙ አይውሉም። ፕላስቲክ ከሆነ እየሸረፉ ይውጡታል። ቺንቺላ ማስመለስ አይችልም፤ አንጀቱ ከተዘጋ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ካላገኘ አለቀለት። የፕላስቲክ ትሪውን በላሜራ ቀይሩት፣ ወይም ጠርዙ እንዳይገኝ ከዳር እስከ ዳር በፍሊስ ሸፍኑት፣ የተሸረፈ ነገር ባያችሁ ቀን ግን ሸፋፍናችሁ አትለፉት፣ ያኔውኑ አውጡት። የውሃ ጠርሙሱን ከኬጁ ውጪ አንጠልጥሉና የብረት ጫፉ ብቻ ወደ ውስጥ ይግባ። በዚንክ የተለበጠ ሽቦ ደጋግሞ ከተቆረጠመ ይመርዛል፣ ቀለሙ የሚላጥ ኬጅም እንደዚያው ነው። የመቀርቀሪያውን ነገርም አደራ፤ ላላ ያለ መንጠቆ ከሆነ በአፍንጫቸው ገፍተው ይከፍቱታል።

መደርደሪያዎቹ ያልተቀባና ያልታከመ እንጨት ይሁኑ። በምድጃ የደረቀ ጥድ፣ የፖም ዛፍ፣ አኻያ ሁሉም ይሆናሉ። ኮምፔርሳቶና ችፑድ አይሆኑም፣ ውስጣቸው ሙጫ አለ። እንጨቱ መበላቱ አይቀርም፤ የተሠራውም ለዚያ ነው፣ ሲያልቅ ሌላ ትቀይራላችሁ። አደራደሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቺንቺላ ከአንድ ሜትር በላይ መዝለል ይችላል ማለት ከአንድ ሜትር ቢወድቅ ምንም አይሆንም ማለት አይደለም። ከአንዱ መደርደሪያ ወደሚቀጥለው ያለው ከፍታ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይሁን፣ እያፈራረቃችሁ ግራና ቀኝ ግጠሟቸው፣ ከላይኛው ቢንሸራተት መሃል ላይ የሚቀበለው ይኑር።

የኬጁ ስፋትስ? ለአንድ ወይም ለሁለት ቺንቺላ ቢያንስ ወርዱ 90፣ ጥልቀቱ 60፣ ቁመቱ 90 ሴንቲሜትር። ከዚያ በላይ ቦታና አቅም ካላችሁ ጨምሩ፤ እነዚህ እንስሳት ከ10 እስከ 20 ዓመት ይኖራሉ። የመሮጫ ጎማ የምታስገቡ ከሆነ የክቡ ስፋት (ዲያሜትሩ) ቢያንስ 38 ሴንቲሜትር፣ መሮጫው ድፍን ብረት ይሁን። በጠባብ ጎማ ላይ ሲሮጥ ጀርባው ይጎብጣል፣ በሽቦ ጎማ ላይ ደግሞ እግሩ ይገባል። መደበቂያ የእንጨት ቤትም አትርሱለት።

አሁን ሙቀት። ከአንዲት የጸጉር ቀዳዳ 50 እና ከዚያ በላይ ጸጉር የሚበቅልበት እንስሳ ነው፣ አያልበውም። የሚስማማው ከ15 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በፋራናይት ከ60 እስከ 70 ማለት ነው። ከ26 ዲግሪ ካለፈ፣ በተለይ ወበቅ ካለ፣ ሊሞት ይችላል። በጋ ላይ ዳላስ ወይም ዱባይ ሆናችሁ ኤሲ ሳይኖራችሁ ቺንቺላ አታስቡ። ቬንቲሌተር ብቻውን አያድነውም፤ ላብ በሌለው ገላ ላይ ነፋስ ብዙም አይሠራም። ኬጁ ውስጥ የግራናይት ወይም የእምነ በረድ ንጣፍ አስቀምጡለት፣ ሲሞቀው ራሱ ሄዶ ይተኛበታል። መብራት ቢጠፋ ለክፉ ቀን የሚሆን በውሃ የተሞላ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ታስገቡለታላችሁ። ጆሮው ቀልቶ፣ ጎኑን ጥሎ ተዘርግቶ ካያችሁት ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ወስዳችሁ ለሐኪም ደውሉ። የዓሣ ገንዳ ዓይነት የመስታወት ሣጥንማ ጭራሽ አይታሰብም፣ አየር አይገባውም።

ሳሎን ውስጥ ነው የምታስቀምጡት? የእኛ ሳሎን ቡና የሚቆላበት፣ እጣን የሚጤስበት ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ሳንባ ያ ሁሉ ጭስ አይሆነውም፣ ስለዚህ ኬጁ ሌላ ክፍል ይሁን። ወጥ ቤት አጠገብም አይሆንም። ቀን የሚተኛና ሲመሽ የሚነቃ እንስሳ ስለሆነ ሌሊቱን ሲዘልና ብረት ሲያንኳኳ ያድራል፤ ሕፃን ካላችሁ ይህንንም አስቡበት። መስኮት ሥር፣ ማሞቂያ ጎን፣ ቴሌቪዥን ፊት አይቀመጥ።

ያገለገለ ኬጅ መግዛት ነውር የለውም፣ አዲሱ ውድ ነው። ግን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት፣ በፎቶ አትግዙ። ማዕዘኖቹን በጣታችሁ ዳሱ፤ የሚወጋ ጫፍ፣ የዛገ ቦታ፣ የተላቀቀ ሽቦ ካለ ተዉት። የገዛችሁትን በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ እጠቡ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ አድርቁ። ከዚያ ባዶውን ኬጅ በመረጣችሁት ክፍል አቁሙና ቴርሞሜትር አንጠልጥሉበት። ለተወሰኑ ቀናት፣ ሙቀቱ በሚበረታበት የከሰዓት ሰዓት አንብቡት። 24 ዲግሪን ካለፈ ክፍል ቀይሩ፣ ሌላ ክፍል ከሌላችሁም ቺንቺላውን አሁን አታምጡት።