በአሮጌ የአሳ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ከፍ ያለ መድረክ በትንሽ ወጪ እንዴት እንደሚሠራ

14 ጫማ ገደማ የምትሆን ያገለገለች የአሉሚኒየም ጀልባ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ገንዘብ አትጠይቅም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ጓሮ ተቀምጣ ሣር የበቀለባት አታጡም። ጣጣው የሚመጣው ቆማችሁ ልታጠምዱባት ስትሉ ነው። ወለሏ ጎርበጥባጣ ነው። አግዳሚ መቀመጫዎቹ እግር ያደናቅፋሉ። ተቀምጦ መንጠቆ መወርወር ደግሞ ክንድ ያዝላል። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ስኔክሄድ የሚባለውን አሳ ለሚያሳድድ ሰው ነገሩ ይብሳል። ይህ ከእስያ የመጣ አሳ በ2002 ሜሪላንድ፣ ክሮፍተን በሚገኝ ኩሬ ውስጥ ተገኝቶ ጉድ ተባለ፤ በ2004 ፖቶማክ ላይ ታየ፤ አሁን እዚያው ተላምዶ ይራባል። የሚወደው ጥልቀት የሌለውንና ሣር የበዛበትን ውሃ ነው። ሣሩ መሀል ያለውን አሳ ለማየት ደግሞ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም ያስፈልጋል።

ከፊት በኩል አንድ መድረክ ብትሠሩ ይህ ሁሉ ይቃለላል። ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ ለሚመጣ ጀልባ የሚጠየቀውን ገንዘብ ማውጣትም የለባችሁም። መድረኩ ግን ዝቅ ያለና ቀላል ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህች አንድ ነገር የሚመጣ ነው።

ክብደቱን አስቀድማችሁ አስሉ

ጀልባዋ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ታርጋ ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ከ1972 መጨረሻ ወዲህ የተሠሩ፣ ከ20 ጫማ በታች የሆኑ አብዛኞቹ ባለሞተር ጀልባዎች ይህች ታርጋ አላቸው። ስንት ሰው፣ ስንት ፓውንድ፣ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደምትችል ተጽፎባታል። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም 4 በ8 ጫማ የሆነና ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው፣ ከ40 እስከ 50 ፓውንድ ይመዝናል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪም 50 ፓውንድ አካባቢ ነው። መድረኩን የሚሸከመውን ማቀፊያና ጀልባዋን የሚገፋውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ስትጨምሩበት አንድ ሰው ያህል ክብደት ጫናችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ሰው ትይዝ የነበረችውን ጀልባ ከእንግዲህ የሁለት ሰው አድርጋችሁ ቁጠሯት።

ቀዳዳ ካለ አሁን ይገኝ

መድረኩ ከተገጠመ በኋላ ከሥሩ ገብቶ ማሸግ ጭንቅ ነው። ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ እንዳለች አንድ ሁለት ኢንች ውሃ ጨምሩባት። ከዚያ አትለፉ፤ ውሃ ከባድ ስለሆነ ጀልባዋንም ተጎታቹንም ይጎዳል። ከሥር ሆናችሁ የሚንጠባጠበውን ቦታ ሁሉ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ሲደርቅ የላላውን ሪቬት (የጀልባዋን ሰሌዳዎች የሚያያይዘውን የብረት ችንካር) አጥብቁ ወይም ቀይሩ፤ መጋጠሚያውን ለጀልባ በተሠራ ማሸጊያ ሙጫ ዝጉ።

አግዳሚዎቹን ተዉአቸው

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አግዳሚዎቹን ቆርጦ ማውጣት ነው። ቦታ ይገኛል፤ እውነት ነው። ግን አግዳሚው መቀመጫ ብቻ አይደለም። የጀልባዋን ግራና ቀኝ ጎን ወጥሮ የሚይዛት እሱ ነው። ከወጣ ጎኖቿ መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ ሪቬቶቹም ቀስ በቀስ ይላላሉ። ሌላም ነገር አለ። በአብዛኞቹ ጀልባዎች አግዳሚው ውስጥ ፎም ተሞልቷል። ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንኳ ጨርሳ እንዳትሰጥም የሚያደርጋት ይህ ፎም ነው። አንድ ኪዩቢክ ጫማ የሚሆን ቀላል ፎም 60 ፓውንድ ገደማ ደግፎ ያንሳፍፋል።

የድሮ ፎም ውሃ ጠጥቶ ከባድ ሆኖ ከተገኘ ይውጣ፤ በቦታው ግን ቢያንስ ያንኑ ያህል አዲስ ይግባ። ለቤት ግድግዳ የሚሸጠው የፖሊስታይሪን ሰሌዳ ርካሽ ነው፤ ሆኖም ቤንዚን ሲነካው ይሟሟል። ቤንዚን ጠጋ በሚልበት ቦታ ለጀልባ ተብሎ የተዘጋጀውን የፖሊዩሬቴን ፎም ተጠቀሙ።

አግዳሚውን መተው ለኪስም ጥሩ ነው። የፊተኛው አግዳሚ ራሱ የመድረኩ ምሰሶ ይሆንላችኋል። ከአግዳሚው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ያለውን ክፍተት መሸፈን ብቻ ይቀራል።

ከፍታው

ከአግዳሚው ከፍታ አትለፉ። ከጀልባዋ ጠርዝ እኩል የሆነ መድረክ ፎቶ ላይ ያምራል። ሰው ሲቆምበት ግን ክብደቱ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጀልባዋም ትንሽ ማዕበል ባገኛት ቁጥር ትንገዳገዳለች። ሆዷ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ትንሽ ይታገሣል። ሆዷ ሾጣጣ የሆነ ግን ይቅርታ አያውቅም። ለእግር ጣት መከልከያ የሚሆን ጠርዝ ደግሞ ምንጊዜም ከመድረኩ በላይ ይትረፍ።

ልኩን በካርቶን አውጡ

የጀልባ ጎን ቀጥ ያለ መስመር የለውም፤ በሜትር ብቻ ለመለካት መሞከር ኮምፔንሳቶ ማባከን ነው። የማቀዝቀዣ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ፈልጉ። እየቆረጣችሁ፣ እየሞከራችሁ፣ በፕላስተር እየለጠፋችሁ ቅርጹን አውጡ። ከዚያ እንጨቱ ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ሳሉ። ምንጣፍ የምታለብሱት ከሆነ ዙሪያውን ሩብ ኢንች ያህል አሳንሱ።

ማቀፊያው

ገንዘብ አትሰስቱ የምላችሁ እዚህ ላይ ነው። ሁለት አማራጭ አለ፤ አንግል አሉሚኒየም ወይም እንጨት። አሉሚኒየሙ ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ቀላል ነው፣ አይበሰብስም። ቁራጭ ብረት የሚሸጡ ቤቶች በክብደት መዝነው ሲሸጡት ዋጋው ይወርዳል። አንድ ኢንች ተኩል ስፋትና አንድ ስምንተኛ ኢንች ውፍረት ያለው ይበቃል። አንዱን ጫፍ አግዳሚው ላይ፣ ሌላውን ጎኗ ላይ ባሉት የጎድን አጥንቶች ላይ እሰሩ። በእነዚህ የማቀፊያው አንግሎች መሀል ያለው ርቀት ከ16 ኢንች አይብለጥ፤ 12 ቢሆን ይሻላል። ከውሃ መስመር በታች በትራፓኖ ምንም ቀዳዳ እንዳትበሱ።

እንጨት ከመረጣችሁ ያንን አረንጓዴ መሰል፣ እንዳይበሰብስ መድኃኒት የጠጣውን እንጨት አትግዙ። መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ መዳብ አለበት። መዳብና አሉሚኒየም በእርጥበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። የጀልባዋን ሆድ ቀስ ብሎ የሚበሳ ነገር በገዛ እጃችሁ እንደማስገባት ነው። ተራ እንጨት በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ) ተለብጦ የተሻለ ያገለግላል። ቡሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላው ስቴንለስ ይሁን።

ኮምፔንሳቶው

ሻጩ የባሕር ኮምፔንሳቶ ይላችኋል፤ ዋጋው ግን ከተራው እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ለዝናብ ተብሎ የሚሠራው የውጭ ኮምፔንሳቶም ውሃ በማይፈታው ሙጫ የተጣበቀ ነው። ልዩነቱ የባሕሩ የተሻለ እንጨት መሆኑና በንብርብሩ መሀል ባዶ ቦታ አለመኖሩ ነው። ሁለቱም ካልታሸጉ ይበሰብሳሉ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ጀልባ ግማሽ ኢንቹ የውጭ ኮምፔንሳቶ ይበቃል ባይ ነኝ፤ የተረፈውን ብር ኢፖክሲ ግዙበት።

መጀመሪያ ሁሉንም ቁረጡ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹንም ብሱ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ከዚያ ላዩንም ታቹንም ኢፖክሲ ቀቡ። ውሃ ቶሎ የሚጠጣው በጠርዙና በቀዳዳው ስለሆነ እነዚህን ደጋግማችሁ ቀቡ። ኢፖክሲ ፀሐይ ይጎዳዋልና ከላዩ ቀለም ያስፈልገዋል።

ምንጣፍ ወይስ ቀለም? ምንጣፍ ለባዶ እግር ይመቻል፤ ድምፅም ይውጣል። ግን እርጥበት ይይዛል፤ የአሳ ሽታ ከገባበት ደግሞ አይወጣም፤ መንጠቆም ይሰካበታል። እኔ ቀለሙ ሳይደርቅ ደቃቅ ደረቅ አሸዋ ነስንሶ ሁለተኛ መቀባትን እመርጣለሁ። እግር አያዳልጥም፣ ወጪውም ኢምንት ነው።

ክዳን፣ ባትሪና ቤንዚን

የመድረኩ ሆድ ባዶ ከሚቀር መሀሉን ቆርጣችሁ በማጠፊያ ክዳን ሥሩለት። የሕይወት ጃኬት፣ ገመድ፣ መልህቅ ይገባበታል። የእርሳስ ባትሪ የምታስገቡ ከሆነ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ተዉለት፤ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርጉ። የቤንዚን ጋን ግን እዚያ ውስጥ በጭራሽ እንዳይገባ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ታች ተኝቶ የሽቦ ብልጭታ ይጠብቃል።

ከመድረኩ ሥር ውሃ ወደ ኋላ የሚፈስበት መንገድ እንዳትዘጉም ተጠንቀቁ። የዝናብ ውሃ ከፊት ከታቆረ ጀልባዋ አፍንጫዋን ትደፋለች።

ሙከራ

የመጀመሪያው ቀን ለአሳ አይደለም። ወገብ የማያልፍ ውሃ ላይ የሕይወት ጃኬት ለብሳችሁ መድረኩ ላይ ቁሙ። ወደ አንዱ ጠርዝ ተጠጉ፣ መንጠቆ እንደምትወረውሩ ሆናችሁ ተወዛወዙ። ጠርዟ ውሃ ሊነካ ከቀረበ መድረኩ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ አውርዱት። አፍንጫዋ ከጠለቀ ባትሪውን ወደ ኋላ አዛውሩት።

እስካሁን በመቅዘፊያ ብቻ ስትሄድ የነበረች ጀልባ ከሆነች ደግሞ አንድ የወረቀት ሥራ አለ። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ትንሿን የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ሞተር ይቆጥሯታል፤ ሞተሯ ውሃ ከመንካቷ በፊት ጀልባዋን አስመዝግቡ።