በደብዳቤና በቴሌግራም የሚተረክ ፍቅር፦ እኔ የተሳሳትኩት ይበቃል

በደብዳቤና በመልእክት ብቻ የሚተረክ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። አያት በ1967 ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርዳ ለፍቅረኛዋ ደብዳቤ ትጽፋለች። የልጅ ልጇ በ2016 ቴሌግራም ላይ ታወራለች። ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ሲጽፉት ጉድ ይፈላል። ሁለቴ ቀድጄ እንደገና ጀምሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ተቀባዩ የሚያውቀውን መንገር ነው። «ውድ እህቴ፣ እንደምታውቂው አባታችን አምና አርፏል...» እህት ለእህቷ እንዲህ አትጽፍም። ይሄ ለእህት ሳይሆን ለአንባቢ የተጻፈ ነው፤ ያስታውቃል። «የአባባን ባርኔጣ ለማን ሰጣችሁት?» ብትል ግን በቂ ነው። ቀሪውን አንባቢ ራሱ ይደርስበታል።

የዘመን አቆጣጠርም ያሳብዳል። ከዋሽንግተን በተላከ ደብዳቤ አናት ላይ ዝም ብላችሁ 1978 ብትሉ አንባቢ የኛን 1978 ያስባል። ጃንዋሪ 20 ቀን 1978 ግን እዚህ ጥር 12 ቀን 1970 ነው፤ የጥምቀት ማግሥት፣ ያውም በቀይ ሽብር ጊዜ። የወሩን ስም «ጃንዋሪ» ብላችሁ ተዉት፤ ችግሩ ያልቃል።

ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ ምስጢር ከሆነ ደግሞ አማርኛ ያጋልጣችኋል። «ናፈቅከኝ» ካላችሁ ወንድ ነው፣ «ናፈቅሽኝ» ካላችሁ ሴት፤ አለቀ። መሸሸጊያው «እርስዎ» ነው። እሱም ቢሆን ሌላ ጥቅም አለው፤ ስድስት ደብዳቤ ሙሉ «እርስዎ» ስትል የቆየች ልጅ በሰባተኛው «አንተ» ካለች «እወድሃለሁ» ማለት አያስፈልጋትም።

«ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» የሚለውን በየደብዳቤው አትደጋግሙ። ጥቂት ጊዜ አስለምዱትና በቀረበት ቀን አንባቢ ይደንግጥ።

ቴሌግራሙ ላይ በተቃራኒው ቃል ቆጥቡ። «የት ነህ» «መንገድ ላይ ነኝ» ይበቃል፤ ልጁ ገና አልጋው ላይ ቢሆንም። አራት ነጥብማ ከገባበት የተጣሉ ነው የሚመስለው።

ከሁሉ የባሰው ስህተቴ ጊዜው ነበር። ከጋሞ ጎፋ ታኅሣሥ 20 የተጻፈ ደብዳቤ ታኅሣሥ 22 አዲስ አበባ መልስ አግኝቶ ነበር። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ «በአውሮፕላን ነው እንዴ የላከችው?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ደብዳቤው መጀመሪያ ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው ይጠብቃል፣ ከዚያ መኪና፣ ከዚያ ፖስታ ሣጥን። ሣጥኑ የአጎት ከሆነ ደግሞ አጎት ትዝ እስኪለው። ቴሌግራም ላይ ይሄ ሁሉ የለም፤ ከማታው 4 ሰዓት ላይ ሁለት ምልክት ይታያል፣ አንብቦታል፣ ዝም ብሏል። ልጅቷ ስልኳን ገልብጣ ትተኛለች፤ መልሳ ታነሳዋለች።

አሁን ሦስተኛው ረቂቅ ላይ የአያትየው ሁለት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። እሱ ይቅርታ የጠየቀበት ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ እሷ «ከእንግዲህ አትጻፍልኝ» ያለችበት ወደ ሸገር እየወጣ ነው።