ከሮቦት የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ካቴተሩን ቤት ውስጥ እንዴት እንያዝ?

የፕሮስቴት እጢ በዳ ቪንቺ ሮቦት ሲወጣ ሆድ ላይ የሚታየው አምስት ወይም ስድስት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። ይህ ብዙ ታካሚ ያዘናጋል። ዋናው ቁስል ከውስጥ ነው፤ እጢው ሲነሣ የሽንት ፊኛና የሽንት መውጫው ተለያይተው እንደገና ተሰፍተዋል። ካቴተሩ፣ ማለትም ሽንትን ከፊኛ ወደ ከረጢት የሚያወርደው ቱቦ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን የሚቆየው ይህ ስፌት እስኪጠግግ ነው።

ስለዚህ ቱቦው መጎተት የለበትም። በማሰሪያ ወይም በፕላስተር ጭንዎ ላይ ያስይዙት፣ ትንሽም ላላ ይበል። እግር ላይ የሚታሰረውን የቀን ከረጢት ግማሽ ያህል ሲሞላ ያፍስሱት፤ ሲከብድ ቱቦውን ይስባል። ማታ 2 ሊትር የሚይዘውን ትልቁን ከአልጋው ጎን፣ ከፊኛ በታች ይስቀሉት፤ መሬት ላይ ግን አይጣል። ከመንካትዎ በፊትና በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ሽንቱ ሮዝ ቢመስል፣ ከተራመዱ ወይም ካማጡ በኋላ ትንሽ ደም ቢታይ አይደንግጡ፤ ውኃ ይጠጡ። እንደ ድልህ ከወፈረ ወይም የረጋ ደም ከበዛ ግን ለሐኪም ይደውሉ። በቱቦው ዙሪያ ሽንት የሚያፈስስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፊኛው እየተኮማተረ ነው፤ መጀመሪያ ቱቦው ተጣጥፎ እንዳይሆን ይዩ። ለሁለት ሰዓት ምንም ካልወረደና ከእምብርት በታች ከተወጠረ ተዘግቷልና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከሁሉ የሚያሰጋው ካቴተሩ ከተነቀለ የሚሠራው ስሕተት ነው። ቅርብ ያገኙት ክሊኒክ ገብተው መልሱልኝ አይበሉ! በግምት የተገፋ ቱቦ አዲሱን ስፌት ሊበጥስ ይችላል። ቀዶ ሕክምናውን ለሠራው ቡድን ወዲያው ይደውሉ፤ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጅዎም በቤተሰብዎም እጅ ይኑር።

ማማጥም ስፌቱን ይጎዳል። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሆድ ያደርቃልና ፈሳሽ ያብዙ፤ ተልባ ይረዳል፤ ካልበቃ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ይጠይቁ። በፊንጢጣ የሚገባ ነገር ግን ክልክል ነው፤ ስፌቱ ከፊንጢጣው ፊት ለፊት ነው ያለው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አያንሡ፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጨርሶ አይታሰብ። መራመድ ግን ግድ ነው፤ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። አንዱ ባት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ትኩሳት 38 ከደረሰ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለሕክምናው ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ ወይም ታይላንድ የሚሄድ ሰው ካቴተሩ ሳይወጣና የፓቶሎጂ (የወጣው እጢ የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤቱን ሳይዝ የመመለሻ ትኬት ባይቆርጥ እንመክራለን።

ካቴተሩ በሚወጣበት ቀን ፓድ ይዘው ይሂዱ፤ ሽንት ማምለጡ የሚጠበቅ ነው፣ በሳምንታትና በወራት እየቀነሰ ይሄዳል። የዳሌ ወለል ጡንቻ (ሽንትን ለመያዝ የሚረዳው ጡንቻ) ልምምድ የሚጀመረውም ያኔ ነው፤ ቱቦው ውስጥ እያለ አይሠራም። ፈስ እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 5 ሰከንድ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ ያድርሱት። ብዙዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ሆዳቸውንና መቀመጫቸውን ያጠብቃሉ፤ ያ ሥራው አይደለም። ከመሳልዎና ከወንበር ከመነሣትዎ በፊት ጡንቻውን መጨበጥ ይልመዱ፤ ሽንት በብዛት የሚያመልጠው በዚያች ቅጽበት ነው።