የግሪክ ፈላስፎችን ሳይሸመድዱ ለማንበብ

ታሌስ፦ ውኃ። አናክሲማንደር፦ ወሰን የለሽ ነገር። አናክሲሜነስ፦ አየር። ፍልስፍናን ኮርስ ሆኖበት የተማረ ሰው ይህን ዝርዝር ያውቀዋል፤ «ሁሉም ነገር ከምን መጣ?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያዎቹ የግሪክ ፈላስፎች የሰጡት መልስ ነው። ለፈተና ይሸመደዳል፣ በማግስቱ ይረሳል። ቢረሳም አይፈረድም፤ እንዲህ ተደርድሮ ሲታይ የሦስት ሽማግሌዎች ግምት እንጂ ሌላ አይመስልም። ዝርዝሩን ተዉትና በሌላ በር ግቡ።

መጀመሪያ ካርታ ክፈቱ። ሚሊተስ ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር፣ በኤጂያን ባሕር ዳርቻ የነበረች የግሪኮች የወደብ ከተማ ናት። ሦስቱም የዚያች ከተማ ልጆች ናቸው፤ ዘመናቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 6ኛው መቶ ዓመት ነው። እናም ስለ እያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ ብቻ ያዙ፦ ይህን ያለው በምን ምክንያት ነው? ቀጥሎ ለመጣው ሰው ያልተዋጠለትስ የቱ ጋ ነው?

በታሌስ እንሞክረው። ሁሉም ነገር ከውኃ ነው አለ። ለምን? የጻፈው ነገር አልደረሰንም፤ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ አርስቶትል ሲገምት፣ ምግብም ዘርም እርጥብ መሆኑን አይቶ ይሆናል ይላል። ምድርም በውኃ ላይ ትንሳፈፋለች ብሎ ያምን ነበር። እሺ፣ ውኃውስ በምን ላይ ተቀመጠ? አናክሲማንደር የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ምድር በምንም ላይ አልተቀመጠችም፣ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ርቀት ላይ ስላለች ወደ አንዱ ወገን የምትሄድበት ምክንያት የላትም፣ ስለዚህ ባለችበት ትቆያለች አለ። (ቅርጿን ግን ስቷል፤ ክብ የዓምድ ቁራጭ ትመስላለች ብሎ ነበር።)

አናክሲሜነስ ደግሞ ነገሩ ሁሉ አየር ነው ሲል፣ አየር እንዴት ሌላ ነገር እንደሚሆን አብሮ ተናገረ፤ ሲሳሳ እሳት፣ ሲጠጥር ነፋስ፣ ደመና፣ ውኃ፣ አፈር፣ ድንጋይ ይሆናል። ማስረጃውን አሁኑኑ ሞክሩት። እጃችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉ። ከንፈራችሁን አጥብባችሁ ስትነፉ ትንፋሹ ይቀዘቅዛል፤ አፋችሁን በሰፊው ከፍታችሁ «ሃ» ስትሉ ይሞቃል። የታመቀ አየር ቀዝቃዛ፣ የላላ ሞቃት ነው ያለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ድምዳሜው ስህተት ነው፤ የብስክሌት ጎማ ነፍቶ ፓምፑን የነካ ሰው አየር ሲታመቅ እንደሚሞቅ ያውቃል። ግን አያችሁ፣ ወጥ ቤት ቆማችሁ ልትፈትሹት፣ ልትጥሉትም የምትችሉት ነገር ነው ያቀረበላችሁ። ፍልስፍና ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ከየትኛውም ትርጓሜ በፊት የማሳየው ይህችን ትንፋሽ ነው።

ቀጥሎ ምንጭ መለየት ልመዱ። የእነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ አልደረሰንም፤ ያለን ሌሎች ሲጠቅሷቸው የተረፈ ቁርጥራጭ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ዲልስ በ1903 እ.ኤ.አ. ሰብስቦ አሳትሞታል። በዚያ ስብስብ «ኤ» የሚል ምልክት ካያችሁ ሌሎች ስለ ሰውዬው የተናገሩት ነው፣ «ቢ» ከሆነ የራሱ ቃል ነው ተብሎ የታመነው። ይህ ቀልድ አይደለም። «አንድ ወንዝ ሁለት ጊዜ አይገባበትም» የሚለው፣ ቴሌግራም ላይ በሌላው ጥንታዊ የግሪክ ፈላስፋ በሄራክሊተስ ስም የሚዞረው አባባል በፕላቶ በኩል የመጣ ነው። ይበልጥ የራሱ ነው የሚባለው ቃል፣ ወደ አንድ ወንዝ ለሚገቡት ሰዎች ሌላ እና ሌላ ውኃ ይፈስባቸዋል ይላል። እዚህ ወንዙ ያው ወንዝ ነው፣ የሚቀየረው ውኃው ነው። ሌላ ሐሳብ ሆነ ማለት ነው።

ገጣሚውን ፈላስፋ ዜኖፋነስን አትዝለሉት፣ እኛም አለንበት። ኢትዮጵያውያን አማልክታችን ጥቁሮችና አፍንጫ ደፍጣጦች ናቸው ይላሉ፣ ትራቅያውያን (ከግሪክ በስተሰሜን የነበሩ ሕዝቦች) ደግሞ የአማልክታችን ዓይን ሰማያዊ ፀጉራቸው ቀይ ነው ይላሉ፣ በሬና ፈረስም እጅ ቢኖራቸው አማልክትን በራሳቸው መልክ ይሥሉ ነበር ብሏል። ቶሎ ወደ አክሱም አትሩጡ፤ ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያሉትን ጥቁር ሕዝቦች ነበር። አምላክ የለም ማለቱም አይደለም፤ ሰውን በመልክም በሐሳብም ስለማይመስል አንድ ታላቅ አምላክ ይናገራል።

ፓርመኒደስን ለመጨረሻ አቆዩት። ምንም ነገር አይለወጥም ይላል፣ ያውም በግጥም። ከመሳቃችሁ በፊት ክርክሩን ወረቀት ላይ አውጡት፦ አሁን ያለ ነገር ቀድሞ ካልነበረ ከምንም መጣ ማለት ነው፤ ከምንም ደግሞ ምንም አይመጣም። የተሳሳተው የቱ ጋ ነው? ከእሱ በኋላ የመጡት ፈላስፎች ሌውኪጶስና ዴሞክሪተስ የማይወለዱና የማይጠፉ፣ የሚገጣጠሙና የሚለያዩ አተሞችን ያመጡት ለዚህ መልስ ፍለጋ ነው። የራሳችሁን መልስ ሳትጽፉ ግን ገጹን ገልጣችሁ ወደ እነሱ አትለፉ።