ከተማሪ ሰርቪስ የተቀየረ ኮስተርና ቅጥቅጥ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ይህ የተጻፈው የተማሪ ሰርቪስ የነበረን ኮስተር ወይም ቅጥቅጥ አይሱዙ ወንበሩን አስወልቀው፣ አልጋ፣ ፍሪጅና ጠረጴዛ አስገብተው በየቀኑ አዲስ አበባ ውስጥ በፒያሳ፣ በሜክሲኮና በካዛንቺስ መካከል ለሚነዱት ነው። ዘይትና ውሃ ማየት፣ ጎማ ማስነፋት፣ ፊልትሮ በጊዜው መቀየር ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ አይደገምም። ሰፊውን ቦታ የያዘው አንድ ብልሽት ብቻ ነው። የተቀየረ አውቶቡስ እየተጎተተ ጋራዥ ከገባ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ጠርጥሩ።

ጠዋት አይነሳም፣ ባትሪ አይበረክትም

ማታ ደህና የነበረ መኪና ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ወይም አንድ ሁለቴ አጉረምርሞ ይተወዋል። ይገፋል፣ ይነሳል፣ ባትሪ ቤት ይሄዳል። «አንዱ ሞቷል» ይባልና አንዱ ይቀየራል። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ሰው ያው ቦታ ይቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ጠዋት። ሰኞ የሆነበትን ምክንያት ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

የባትሪው ሳጥን ሲከፈት የሚታየው አይለወጥም። አንዱ ባትሪ ውሃው ደርቆ፣ ጎኑ አብጦ፣ ክዳኑ ዙሪያ ረጥቦ፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ጎረቤቱ ውሃው ሙሉ፣ ላዩ ንጹሕ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ሰው ያበጠውን ይጠረጥራል። ተበዳዮቹ ሁለቱም ናቸው፤ ጥፋተኛዋ በመካከላቸው የታሰረችው ቀጭን ሽቦ ናት።

ቅጥቅጡ በአብዛኛው፣ ኮስተሩም ብዙ ጊዜ፣ የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች ተከታትለው ታስረውበታል። (ሁለት ባትሪ ኖሮት በ12 ቮልት የሚሠራም አለ። ስለዚህ ሳጥኑን በዓይን አይታችሁ አትፍረዱ፣ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩ።) ወንበር አውልቆ አልጋ የሚሠራው ባለሙያ ለቴፑ፣ ለፍሪጁና ለስልክ ቻርጀሩ 12 ቮልት ይፈልጋል። ከሁለቱ ባትሪዎች መገናኛ ላይ አንዲት ሽቦ ይስባል፣ ሁሉም ነገር ይበራል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህን የሚያደርግ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ግድ የለውም፤ ለባለመኪናው ልዩነት የለውም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፍሪጁ የሚበላው ከታችኛው ባትሪ ብቻ ነው፤ ታችኛው ማለት ኔጌቲቩ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር የታሰረው ነው። ላይኛው ምንም ሳይሠራ ሙሉ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ዲናሞው ባትሪዎቹን ሲሞላ የሚያየው የሁለቱን ድምር ብቻ ስለሆነ 28 ቮልት ከደረሰ ለእሱ ሥራው አልቋል። ኃይሉ ሁለቱን በአንድ ሰልፍ ነው የሚያልፈው፤ ላይኛው ሲጠግብ በሩን ይዘጋል፣ ከኋላው የቆመው የተራበው ሳይበላ ይቀራል። 28ቱ ቮልት እኩል መከፈሉ ቀርቶ ላይኛው 15 ተኩል፣ ታችኛው 12 ተኩል ይሆናሉ። አንዱ እየፈላ ይሞታል፣ አንዱ እየተራበ።

ሒሳቡን በፍሪጅ ብቻ እንየው። ትንሽ የኮምፕሬሰር ፍሪጅ ሲሠራ 4 አምፔር ገደማ ይስባል። ግማሹን ሰዓት ቢያርፍ በአማካይ 2 አምፔር ነው፣ በቀን 48 አምፔር-ሰዓት። ቅዳሜ ጠዋት የቆመ መኪና ሰኞ ጠዋት ሲቀሰቀስ 96 ሄዷል፤ ባለ 100 ባትሪ ባዶ ማለት ነው። በሥራ ቀናትም ከፒያሳ ሜክሲኮ እየተጎተታችሁ አንድ ሰዓት ብትፈጁ፣ ዲናሞው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ) ሲዞር የሚሰጠው ትንሽ ስለሆነ ያደረውን ዕዳ አይከፍልም። «በየቀኑ እነዳዋለሁ እኮ» የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

እንዴት ይረጋገጣል

መኪናው ካደረ በኋላ፣ ቁልፍ ሳይነካ፣ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ ለኩ። ሁለቱን ደምሮ 24 ነጥብ ምናምን ማለት ምንም አይነግርም፤ አብዛኛው ሰው የሚሸወደውም በዚህ ነው። ሙሉ ባትሪ 12.6 እስከ 12.7 ያሳያል። 12.2 ግማሽ ነው። ከ11.9 በታች ባዶ። በሁለቱ መካከል ከ0.2 በላይ ልዩነት ካለ ጠርጥሩ፣ ከ0.5 ካለፈ ጉዳዩ አልቋል። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስታችሁ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ ያዙት፤ ድምሩ ከ27.6 እስከ 28.8፣ እያንዳንዱ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። አንዱ ከ15 ካለፈ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ድምሩ ራሱ ከ29 ካለፈ ግን ጥፋቱ የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ነው፣ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘውን ወፍራም ገመድ ፈልጉና ጫፎቹን ተመልከቱ። በዚያ መገናኛ ላይ ከዚያ ገመድ በስተቀር ምንም ነገር መኖር የለበትም። ቀይም ትሁን ጥቁር፣ በቴፕ የተጠቀለለችም ትሁን በብሎን የታሰረች፣ ሌላ ሽቦ ካለ እሷ ናት። አንድ ብቻ አግኝታችሁ አትቁሙ። አራት ሽቦ በአንድ ብሎን ታስሮ፣ አምስተኛው በወፍራሙ ገመድ ልባስ ስር ተቀድዶ የተጠለፈበት ኮስተር ታይቷል። ባለቤቱ በአንድ ዓመት ሦስት ጥንድ ባትሪ ቀይሮ ነበር፤ አምስተኛዋ የኋላ ካሜራ ሽቦ ነበረች።

እንዴት ይስተካከላል

ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦዎቹን አውጡ። አዲስ ባትሪ በድሮው ሽቦ ላይ ማሰር ገንዘብ መድፋት ነው።

መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ፣ ስትመልሱ መጨረሻ እሱን እሰሩ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ሲፈላ የቆየ ባትሪ ሃይድሮጂን ስለሚተፋ ሳጥኑን ከፍታችሁ ትንሽ አናፍሱት፤ ሲጋራ ይዞ የሚያጎነብስ ካለ አባሩት።

ከዚያ የፍሪጁን ጀርባ አንብቡ። ብዙ የመኪና ፍሪጆች «12/24» የሚል ተጽፎባቸዋል፣ በቀጥታ በ24 ይሠራሉ። ማንም ሳያነብ 12 ቮልት ፍለጋ ይሄዳል። የኤልኢዲ መብራትም ባለ 24 አለ። እነዚህ ሁለቱ ወደ 24 ከዞሩ ግማሹ ጣጣ አለቀ።

ለቀረው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ይገባል። መግቢያው ከሁለቱ ባትሪ ሙሉ 24 ይወሰዳል፤ ፖዘቲቩ ከላይኛው፣ ኔጌቲቩ ከታችኛው። ፊውዙ ከባትሪው ከ20 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። 20 አምፔር ለሚሰጥ ኮንቨርተር በመግቢያው በኩል የ15 ፊውዝ ይበቃል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ትልቅ እየተኩ ወደ 40 መውጣት የአህያ ባል መያዝ ነው፣ ከጅብ አያስጥልም። በፊውዝ ፋንታ የመዳብ ሽቦ የሚጠመጥም ሰው ደግሞ መኪና ባይነካ ይሻላል።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ኮንቨርተር ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። «30 አምፔር» ተብሎ 15 ላይ የሚንቀጠቀጥ ሞልቷል። በእጅ መዝኑት፣ ቀላል ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው። ከዚያ ባለ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል ሦስት አንድ ላይ እሰሩበት፣ ወደ 14 አምፔር ነው። ሩብ ሰዓት አብሩት። ቮልቱ ከ12 ከወረደ ወይም አካሉ እጅ የሚያስቀምጥ ካልሆነ መልሱ። ሻጩ ለሙከራ ካልፈቀደ መልሱ ተገኘ ማለት ነው።

ወደ ኋላ ፍሪጁ የሚሄደው ሽቦ 6 ካሬ ሚሊ ይሁን። በ1.5 ሽቦ 6 ሜትር ተጉዞ የሚደርሰው ቮልት ስለሚወድቅ ኮምፕሬሰሩ ሊነሳ ሲል ይጠፋል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ይጠፋል። ፍሪጁ ተበላሽቷል ተብሎ የሚሸጠው በዚህ ነው።

አሁን ባትሪ። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ በአንድ ቀን የተገዙ ይሁኑ። ከአሮጌ ጋር አዲስ ማጣመር የለም። ነባሮቹን ለማዳን ከፈለጋችሁ የሚያገናኛቸውን ገመድ ፈትታችሁ እያንዳንዱን በ12 ቮልት ቻርጀር ለየብቻ ሲሞላ ይደር። አንድ ቀን አስቀምጣችሁ ለኩ፤ 12.4 መያዝ ያቃተው ባትሪ አይድንም። የጎደለ ባትሪ የሚጨመርበት የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ አይጨመርም! አሲዱ አልተነነም፣ የተነነው ውሃው ነው። «እንዲነቃ» ተብሎ አሲድ የሚፈስበት ባትሪ አንድ ሳምንት ይነቃና ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ተበልተው ያልቃሉ።

ቅዳሜና እሁድ ፍሪጁ ሳይጠፋ እንዲቆይ የሚፈልግ ሦስተኛ ባትሪ ለቤቱ ብቻ ይግዛ። ሞተሩ ሲነሳ ኮንቨርተሩ እንዲሞላው፣ ሞተሩ ሲጠፋ እንዲለየው በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይታሰር። ሊቲየም ከሆነ ግን በቀጥታ ከአሮጌ ዲናሞ ጋር አታገናኙት። አሮጌው ዲናሞ እስኪቃጠል ይሰጠዋል፤ መካከል ላይ ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ይግባ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በኢንቨርተር ለማስነሳት ለሚያስቡ፦ ምጣድ ሦስት ሺህ ዋት ተኩል ገደማ ነው፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲጨመር በ24 ቮልት ከ150 አምፔር ያልፋል። እንጀራ ከሰፈር ግዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቅደም ነበር፣ ዘገየ። አልጋና ቁምሳጥን ሲበየድ ሁለቱም የባትሪ ኔጌቲቮችና የዲናሞው ገመድ ይፈቱ። ብየዳ የዲናሞን ዳዮድ በአንድ ንክኪ ይገድላል፤ ከብየዳ ቤት የወጣ መኪና በማግሥቱ ባትሪ አልሞላ ካለ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ሙቀቱ ይወጣል

ቸርችልን ወደ ፒያሳ ሲወጣ ወይም ሰልፍ ላይ ቆሞ መርፌው ከፍ ይላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ነው፤ የ0.9 ባር ክዳን ጤነኛ ከሆነ መፍያውን ወደ 114 ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን የለም እንደማለት ነው። በጥቂት ብር ክዳን ፋንታ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) አስወርደው ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ) የሚያስቀይሩ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ። ካልተሻለው ሞተሩ እንደጋለ ፋኑ መቆሙን አረጋግጣችሁ የራዲያተሩን ፊት በእጅ ዳብሱ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ በቧንቧ ውሃ ዝቃጭ ተደፍኗል። ሰርቪስ ሆኖ ሲሠራ ከቧንቧ ውሃ ሌላ አይቶ የማያውቅ ራዲያተር ከተጸዳ በኋላ ግማሽ በግማሽ ኩላንት ይሞላ። ክዳን በጋለ ሞተር አይከፈትም።

ፍሬኑ ይጠነክራል፣ ወይም የኋላው ይንሸራተታል

ፔዳሉ ከጠነከረ የቫኪዩም ቱቦውን እዩ። በብዙ አሮጌ አይሱዙ ናፍጣ ላይ የቫኪዩም ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ነው፤ ዘይት ካፈሰሰ ዲናሞውንም ይዞ ይሄዳል። የተሰነጠቀ ቱቦ በላስቲክ አይታሰርም፣ ይቀየራል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ የፍሬን እገዛው ድሮም ደካማ ነው፤ ትንሽ ክፍተት ብዙ ይጎዳል።

በዝናብ ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የኋላው ከተንሸራተተ ወንበሮቹ ስለወጡ ኋላው ቀልሏል። የጭነት ቫልቭ (የኋላውን ፍሬን እንደ ጭነቱ የሚመጥን) ካለው አክሰሉ ላይ ያለው ዘንግ ይስተካከል። ዘንጉን በሽቦ ወደ ላይ ማሰር እብደት ነው።

ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል

200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው። ታንከሩ፣ ፍሪጁና ቁምሳጥኑ ሁሉ በአንድ በኩል ከተደረደሩ ባሌስትራ (የጎማ ላይ የብረት ሞላ) መጨመር አይፈውሰውም። ታንከሩን ወደ መሐል፣ ከኋላ ጎማው ወደ ፊት አምጡት።

ጥቁር ጭስ

በአቧራ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ነው፤ ካልሆነ ኖዝሉ (ናፍጣ ረጪው)። ፖምፓውን (የናፍጣ ፓምፑን) መጨረሻ ንኩ።

ቀሪዎቹ

በክረምት ውሃ ካስገባ ከጣሪያው በፊት የመስኮት ጎማዎቹን እዩ። በኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብቻ ለመነሳት ካስቸገረ፣ ሁለቱም ባትሪ እኩል ከሆነ፣ የማሞቂያ ካንዴላ ነው። ቦሎ ሊያዝ ሲል የወንበሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ጋራዥ አይፈታውም፤ ለውጡን ከመሥራታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) እና ሶላር ከተጨመረ ከፍታውን እንደገና ለኩና ከመሪው ፊት ለጥፉት፤ ምድር ቤት ፓርኪንግ መግቢያ ላይ የሚቀረው ሶላሩ ነው።