ሠራተኛን በገንዘብም ያለ ገንዘብም እንዴት ማትጋት ይቻላል?

ካዝናው ለሳሳ ድርጅት ሠራተኛ ማትጋት ከባድ ነው። ደሞዝ ሳይጨመርም የሚሠራ ነገር ግን አለ፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ አትዝለሉ።

1. መጀመሪያ የክፍያውን ቀን አስተካክሉ። የቤት ኪራይና ዕዳ የሚያብሰለስለው ሰው እጁ ሥራ ላይ ቢሆንም ልቡ ሌላ ቦታ ነው። በህንድ ኦዲሻ ግዛት ከቅጠል ሳህን እየሰፉ በቁጥር የሚከፈላቸው ሠራተኞች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ለተወሰኑት ከሠሩት ሒሳብ ከፊሉ ቀደም ብሎ ተሰጣቸው። የተጨመረ ሳንቲም የለም። ብሩ ቀድሞ እጃቸው የገባላቸው ግን ብዙ ሳህን ሰፉ፣ ስህተታቸውም ቀነሰ። እናንተም "በጀት የለም" ከማለታችሁ በፊት ደሞዙን በወር ሁለቴ ከፋፍሎ መስጠት ይቻል እንደሆነ እዩ።

2. ቦነስ ካለ መለኪያውን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሠራተኛው ራሱ ሊቆጥረው የሚችል ይሁን። በሌላዋ የህንድ ግዛት በራጃስታን መምህራን በየቀኑ ከተማሪዎቻቸው ጋር ፎቶ እየተነሡ በተገኙበት ቀን ልክ ተከፈላቸው። ይህ በተሞከረባቸው ትምህርት ቤቶች የመምህር መቅረት 21 በመቶ ሲሆን፣ ባልተሞከረባቸው 42 በመቶ ነበር። ለአንዱ ጨምራችሁ ለምን እንደሆነ ካልታወቀ ግን ትርፉ ኩርፊያ ነው። ያልተጨመረለት ሥራ መለገም፣ ሲብስም መቅረት ይጀምራል።

3. ልፋቱን ሰው እንዲያይለት አድርጉ። በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ፀጉር ሠሪዎች ለደንበኞቻቸው ኮንዶም እንዲሸጡ ሲደረግ፣ ለአንዳንዶቹ ኮሚሽን ተከፈለ። ለሌሎቹ ደግሞ በሸጡ ቁጥር ሳሎናቸው ውስጥ በተሰቀለ ሰሌዳ ላይ ኮከብ ተለጠፈላቸው። ኮከብ ምን ያደርጋል? ከባለ ኮሚሽኖቹ እጥፍ ያህል ሸጡ! ሰሌዳው ደንበኛ ፊት መሆኑን ልብ በሉ፤ ከአለቃ ጠረጴዛ ሥር የሚቀር የምስጋና ወረቀት ይህን አይሠራም። ደግሞም ሰዎቹ የራሳቸው ገቢ ነበራቸው። ደሞዙ ለሦስት ወር ላልተከፈለው ሰው ኮከብ መለጠፍ ሹፈት ነው።

4. ሥልጠና፣ የፈረቃ ምርጫ፣ ሰርቪስ፣ ምሳ... ከእነዚህ የትኛው እንደሚሻል ራሳችሁ አትወስኑ፣ ጠይቋቸው። ስትጠይቁም የምትችሏቸውን ሁለት ሦስት አማራጮች ብቻ አቅርቡ። የተመረጠውንም በሚቀጥለው ወር ጀምሩት።