ከኮድ ወደ ፕሮዳክት ማኔጅመንት፣ ለደሴና ኮምቦልቻ ልጆች
ኮድ እየጻፋችሁ ፕሮዳክት ማኔጀር (አፑ ለማን፣ ለምን እንደሚሰራ የሚያቅደው ሰው) መሆን ያማራችሁ አብሽሩ፣ ስራ መልቀቅ አያስፈልግም፣ እዛው ያላችሁበት ጀምሩ። መጀመሪያ "እንዴት ይሰራ" የሚለውን ትታችሁ "ለማን፣ ለምን" ብላችሁ ጠይቁ። ሰኞ ባቲ ገበያ ውረዱና ነጋዴው በቴሌብር ሲቀበል ዝም ብላችሁ እዩት፣ ሜሴጁ እስኪገባለት የፍየሏን ገመድ አይለቅም፣ ኔትወርክ ከዘገየ ገዢውም እሱም ተፋጠው ይቆማሉ፣ እቺን ያየ ሰው አዲስ ፊቸር ከመጨመሩ በፊት ማረጋገጫው ቶሎ እንዲደርስ ነው የሚያስበው። ያያችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉት፣ ችግሩ ምንድነው፣ የማን ነው፣ መፍትሄው እንደሰራ በምን እናውቃለን። ከዛ ለአለቃችሁ አሳዩትና ትንሿን ፕሮጀክት እኔ ልምራት በሉ። ኮድ ማወቃችሁ ትልቅ ጉልበት ነው፣ ግን ዴቨሎፐሮቹን ስራቸውን አትንጠቋቸው። ሲቪ ላይም ለተጠቃሚው ምን እንደተቀየረለት አስቀድሙ።